ታዛቢና ተካፋይ፤ በመስክ ጥናት ዘዴ ላይ የቀረበ ሂስ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፣ የሰውን ኑሮና ልማድ የሚያጠኑ ሊቃውንት «እየተካፈሉ መመልከት» ብለው የሚጠሩትን የጥናት ዘዴ ነው። ዘዴው በእኛ በተማሪዎች ዘንድ በጣም የተወደደ ሆኗል። ለመስክ ጥናት ወጥቶ የተመለሰ ተማሪ ሁሉ በጽሑፉ መግቢያ ላይ «እየተካፈልን ተመልክተናል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያስገባል፤ መምህሩም ያን ዓረፍተ ነገር ሲያገኝ ደስ ብሎት ያልፋል። ነገር ግን ተማሪው የተካፈለው ምንን እንደ ሆነ፣ ድርሻውስ ምን ያህል እንደ ነበረ፣ ድርሻውን ሳይወጣ ቢቀር ማን ሊጠይቀው ይችል እንደ ነበረ የሚነግረን ጽሑፍ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከዳር ቆሞ ሕይወትን ከመመልከት ወደ ሕይወት ውስጥ መግባት እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚፈጸም ጉዳይ ነውን? እኛ አይመስለንም። ስለዚህ በዚህ መንገድ ከሠሩት ሊቃውንት የሦስቱን ሥራ አንሥተን፣ ቀጥሎም ወደ ገዛ አገራችን ጥናት ተመልሰን፣ ነገሩን በጥቂቱ እንመረምራለን። የውጭ አገር ሥራዎች ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ያገራችን ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

አስቀድመን ቃሉን እንይ። በዚህ ሥራ የተሰማራውን ሰው በአማርኛ «ታዛቢ» ማለት ተለምዷል። በምርጫ ጣቢያ የሚቀመጠውም ሰው ታዛቢ ስለሚባል ቃሉ ነቀፋ የሌለበት መስሎ ይታያል። በየቤታችን የምንነጋገርበት አማርኛ ግን ሌላ ይናገራል። አንዲት እናት ልጇን «ሰው ይታዘብሃል» ስትለው፣ ሰው ያይሃል ማለቷ ብቻ አይደለም፤ ሰው ጉድለትህን አይቶ፣ ለአንተ ሳይነግር፣ በልቡ ይይዝብሃል ማለቷ ነው። «ትዝብት ላይ ወደቀ» የተባለ ሰውም ክብሩ የጎደለ ሰው ነው። እንግዲህ መታዘብ በእኛ ቋንቋ አይቶ ዝም ማለት፣ በዝምታም ውስጥ መፍረድ ነው። ደብተር ይዞ በአጥሩ ሥር የቆመውን ተማሪ ገበሬው በጥርጣሬ ዓይን ቢመለከተው ካለማወቅ የመጣ ነው ልንል አይገባንም፤ ቃሉን ከእኛ ይልቅ እሱ በደንብ ያውቀዋል። «ተካፋይ» የሚለው ቃል ደግሞ ከመካፈል የመጣ ነው። እህል ይካፈሉታል፤ ርስት ይካፈሉታል፤ ዕዳም ይካፈሉታል። ድርሻ ሳይኖረው ተካፋይ የሚባል ሰው የለም፤ ድርሻ ደግሞ የሚቀበሉት ብቻ ሳይሆን የሚከፍሉትም ነው።

ከዚህ በመነሣት በዚህ ጽሑፍ የምንሠራበትን መለኪያ እናቀርባለን። አንድ ተመራማሪ ተካፋይ መሆኑ የሚታወቀው ለነገሩ ምን ያህል ቀርቦ እንዳየ በመመርመር አይደለም፤ የሚያጠናቸው ሰዎች ከእርሱ ምን ሊጠይቁት፣ በምን ሊቀጡት፣ ሲያስፈልግም እንዴት ሊያሰናብቱት ይችሉ እንደ ነበረ በመመርመር ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሩቅ ሕዝቦችን ልማድ የሚጽፉት ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ ከቤታቸው አይወጡም ነበር። «ወርቃማው ቅርንጫፍ» የተባለውን መጽሐፍ በ1890 ማሳተም የጀመሩት ሰር ጄምስ ፍሬዘር ያን የሚያህል ሥራ ያከናወኑት ከመጻሕፍትና ሚሲዮናውያንና ሹማምንት ከሚልኩላቸው ደብዳቤ እየለቀሙ ነበር። ይህን ልማድ ከለወጡት ሰዎች ዋናው በ1884 በክራኮው የተወለዱት ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ መሆናቸው የታወቀ ነው። እኚህ ሊቅ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከ1915 እስከ 1918 ድረስ ሁለት ጊዜ ወደ ትሮብሪያንድ ደሴቶች ሄደው፣ ድንኳናቸውን በመንደሩ ቤቶች መካከል ተክለው፣ የአገሩን ቋንቋ ተምረው ኖሩ። በ1922 የታተመው መጽሐፋቸውም «ኩላ» የተባለውን የልውውጥ ሥርዓት ለዓለም አስታወቀ። በዚያ ሥርዓት የቀይ ዛጎል የአንገት ጌጥ በአንድ አቅጣጫ፣ የነጭ ዛጎል አምባር ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ከደሴት ወደ ደሴት ይዞራል፤ የተቀበለ ሰው ሁሉ ለሌላው ማስተላለፍ ግዴታው ነው፤ ይዞ የሚያስቀር ሰው ስሙ ይጠፋል።

መጽሐፉ ታላቅ መጽሐፍ ነው፤ ይህን የሚክድ አንባቢ አይኖርም። ይሁን እንጂ ስለ መስጠትና ስለ መቀበል፣ ስለ ግዴታና ስለ ስም እንዲህ አምልቶ የጻፈው ሰው ራሱ በዚያ ክብ ውስጥ ከአንዱም ጋራ በዕዳ የተሳሰረ አልነበረም። ማሊኖቭስኪ ለተነገራቸው ነገር ዋጋውን በትንባሆ ይከፍሉ ነበር። የአገሩም ሰዎች እንደማይቀር ጣጣ ቆጥረው እንደ ታገሷቸው፣ ትዕግሥቱንም ትንባሆው እንዳቀለለው ራሳቸው በመግቢያቸው አልደበቁም። እጅ በእጅ የሚከፍል ሰው ደግሞ ዕዳ የለበትም፤ ዕዳ የሌለበትንም ሰው ማንም አይጠይቀውም። ከሞታቸው በኋላ በ1967 የግል ማስታወሻቸው ሲታተም፣ በንዴትና በናፍቆት የተሞላ፣ ልብ ወለድ መጻሕፍት በማንበብ ከመንደሩ ለመሸሽ የሚሞክር ሰው ተገኘ። ብዙ ሰዎች በዚህ ተቆጥተዋል። እኛ ግን ንዴቱን እንደ ትልቅ ነውር አንቆጥረውም፤ በመንደር የኖረ ሰው ሁሉ በጎረቤቱ ይናደዳል። ልዩነቱ ጎረቤት ሲናደድ ጎረቤቱ ማወቁና ሽማግሌ መጥቶ ማስታረቁ ነው። የማሊኖቭስኪ ንዴት ግን በደብተር ውስጥ ተዘግቶ ቀረ፤ በትክክለኛው አማርኛ ትዝብት ሆነ።

ከማሊኖቭስኪ ይልቅ በግልጽ የነገሩን ዊሊያም ፉት ዋይት ናቸው። ዋይት ከ1936 እስከ 1940 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለጥናት የሚሆን አበል እየተቀበሉ፣ በቦስተን ከተማ ኖርዝ ኤንድ በተባለው የኢጣልያ ስደተኞችና ልጆቻቸው በሚኖሩበት ሠፈር ተቀመጡ። ምግብ ቤት ካላቸው ቤተ ሰቦች ዘንድ ክፍል ተከራዩ፤ ኢጣልያንኛ ተማሩ፤ በመንገድ ማዕዘን ላይ ከሚውሉት ሥራ ፈት ጎረምሶች ጋራም ባልንጀራ ሆኑ። «የመንገድ ማዕዘን ማኅበር» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው መጽሐፋቸው በ1943 ታተመ። እኛን የሚመለከተው ግን በ1955ቱ እትም መጨረሻ ላይ የጨመሩት፣ በሠፈሩ እንዴት እንደ ኖሩ የሚተርከው ረጅም ጽሑፍ ነው። ለመስክ ሥራ የሚዘጋጅ ተማሪ ከመጽሐፉ ሌላውን ክፍል ቢዘል እንኳ ይህን እንዳይዘል እንመክራለን።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ከብዙዎቹ ሦስት ነገሮች ትኩረታችንን ስበዋል። የመጀመሪያው ቀላል ነው። አንድ ቀን ጎረምሶቹ እየተሳደቡ ሲጫወቱ ዋይት እንደ እነርሱ ለመሆን ፈልገው የብልግና ስድብ ጣል አደረጉ። ሰዎቹ ሁሉ ቆም ብለው በመገረም ተመለከቷቸው፤ ዶክ ተብሎ የሚጠራው ዋናው ወዳጃቸውም እንዲህ ያለው አነጋገር ከእርሳቸው እንደማይጠበቅ ነገራቸው። ሰዎቹ የፈለጉት የተለየ ሰው ሆነው እንዲወዷቸው እንጂ እንዲመስሏቸው አልነበረም። እኛም ገጠር ወርደን ጋቢ ደርበን፣ ዱላ ይዘን፣ የአገሩን አነጋገር ለመምሰል ስንሞክር ሰዎቹ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው የሚስቁት ስለዚሁ ነው።

ሁለተኛው ከዚህ የከበደ ነው። ዋይት ለአንድ የሠፈሩ ተወዳዳሪ የምርጫ ሥራ ሲረዱ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ድምፅ ሰጡ። ይህ በሕግ የተከለከለ መሆኑን ያውቁ ነበር። በኋላም ነገሩን ሲያስቡት ሠፈሩ ይህን እንዳልጠየቃቸው፣ ባያደርጉትም ኖሮ ማንም ቅር እንደማይሰኝ ተረዱ። እዚህ ላይ የዘዴው ትልቅ አደጋ ይታያል። ተካፋይ ለመሆን የሚጓጓ እንግዳ፣ እውነተኞቹ ተካፋዮች የማይጠይቁትን ነገር በገዛ እጁ ያደርጋል፤ የሚጠይቁትን ግን ላያደርግ ይችላል። ከዚህ ጋራ የምናነጻጽረው ሌላ ነገር በዚያው ጽሑፍ ይገኛል። የሠፈሩ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ሙቅ ውሃ አጥቶ ነበር። ዋይት ጎረምሶቹን አስተባብረው ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት በሰልፍ ሄዱ። ስለ ገላ መታጠቢያ ውሃ መሰለፍ ለአንድ የሃርቫርድ ምሁር ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን በእኛ መለኪያ ከአራቱ ድምፅ ይልቅ ይህ ነበር መካፈል፤ የሠፈሩ ችግር ነበረና፣ ባይሳካም ውርደቱ ለሁሉም ይደርስ ነበርና።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ ይልቅ አሳስቦናል። ዶክ ለዋይት ሲናገር፣ ቀድሞ ብዙውን ነገር በተፈጥሮው ያደርግ እንደ ነበረ፣ ከተዋወቁ ወዲህ ግን አንድ ነገር ባደረገ ቁጥር ዋይት ስለዚህ ምን ሊያውቅ ይፈልጋል ብሎ ማሰብ መጀመሩን ገለጸለት። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ተመልካቹ ወደ ሕይወት ውስጥ ገባሁ ሲል፣ በሕይወት ውስጥ የነበረውን ሰው ወደ ዳር አውጥቶ የገዛ ራሱ ተመልካች አደረገው። ዋይት በ1940 ለዶክትሬት ትምህርታቸው ወደ ቺካጎ ሄዱ፤ ያች ማዕዘን ግን ለጎረምሶቹ የኑሮ ቦታቸው ነበረች። ዋይት ይህን ሳይደብቁ በመጻፋቸው እናመሰግናቸዋለን። የዘዴ መምህራን ግን ከዚህ ጽሑፍ የሚጠቅሱት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሠፈር እንዴት እንደሚገባ የሚናገረውን ክፍል ነው፤ ስለ ዶክ የተነገረው ብዙም ሲነሣ አንሰማም።

እስካሁን ያየናቸው ሁለቱ ሊቃውንት ሥልጣን ያልነበራቸው እንግዶች ናቸው። ሥልጣን ይዞ የገባ ተመራማሪስ? በፔሩ አንዲስ ተራሮች መካከል፣ በአንካሽ አውራጃ፣ ቪኮስ የሚባል ሰፊ የእርሻ ይዞታ ነበር። በይዞታው ላይ ከ1,700 የሚበልጡ የኬቹዋ ተናጋሪ ገበሬዎች ይኖሩ ነበር። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ለሚያርሳት ቁራሽ መሬት ለውጥ በሳምንት ሦስት ቀን ለባለ ይዞታው ይሠራል፤ ከዚህም በቀር በምግብ ማብሰልና በፈረስ ጠባቂነት ያለ ደመወዝ ያገለግላል። ይዞታው ሲከራይ ሰዎቹም አብረው እንደ ተከራዩ ይቆጠራል። ለአገራችን አንባቢ ገባርና ጭሰኛ የሚባሉትን ቃላት ከነትዝታቸው ማስታወስ ይበቃል። በ1952 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አለን ሆልምበርግ ይህን ይዞታ ለዩኒቨርሲቲያቸው ተከራዩ፤ ከፔሩ የአገር ተወላጆች ተቋም ጋራም ተባብረው ሠሩ። እንግዲህ አንድ አንትሮፖሎጂስት ለሚያጠናቸው ሰዎች ጌታ ሆነ ማለት ነው። ያለ ደመወዝ የሚሠራው የግል አገልግሎት ቀረ፤ የተሻለ የድንች ዘርና ማዳበሪያ ገባ፤ ትርፉ ለመንደሩ ልማት ዋለ፤ ትምህርት ቤቱ ሰፋ፤ ውሳኔውም ቀስ በቀስ ከተወላጆቹ ወደ ተመረጡት መሪዎች ተላለፈ። ከረጅም ክርክር በኋላ በ1962 ገበሬዎቹ ይዞታውን ገዝተው የራሳቸው አደረጉት።

ስለ ቪኮስ የተጻፈው ብዙ ነው፤ አንዱ ያመሰግናል፣ ሌላው ደግ ጌታም ቢሆን ጌታ ነው ብሎ ይነቅፋል። ነቃፊዎቹ ያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ሆልምበርግን ሊጠይቅ የሚችል ገበሬ በ1952 አልነበረምና። እኛ ግን ከሙገሳውም ከነቀፋውም ይልቅ ልብ ያልነው በ1964 የሆነውን ነው። በዚያ ዓመት የቪኮስ ጉባኤ በመንደሩ ይሠሩ የነበሩትን የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች እንዲወጡ ወሰነ፤ ወዲያውም ከመካከላቸው ጥቂቶቹ እንዲመለሱ ጠየቀ። ከሁሉም በበለጠ የፕሮጀክቱ ፍሬ ይህ ይመስለናል። የማይጠቅመውን ማሰናበት፣ የሚጠቅመውን በስሙ ጠርቶ መመለስ የቻለ መንደር፣ ተመልካቾቹን ከተካፋዮች መለየት ችሏል። እነዚያ የተጠሩት ወጣቶች ከማናቸውም ተመራማሪ ይልቅ ተካፋይ መባል የሚገባቸው ናቸው፤ ምክንያቱም ሌላው ሰው ይምጡ ብሏልና።

እዚህ ላይ ከመምህሮቻችን አንዳንዶቹ የሚያቀርቡትን ክርክር መስማት ተገቢ ነው። ተመራማሪው በሰዎቹ ጉዳይ ከገባ፣ ዕዳም ከያዘ፣ እውነቱን በነፃነት ሊናገር አይችልም፤ ለወገኑ ያደላል ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው። ነገር ግን ዕዳ የሌለበት ሰው አያደላም የሚለው ሐሳብ አልተረጋገጠም። ለጥናቱ ገንዘብ ለሚሰጠው ድርጅት፣ ለሚመረምረው መምህር፣ ለሚያነብበው የሩቅ አንባቢ ያደላል፤ ይህ ማድላት ግን ከመንደሩ ሰው ዓይን ስለ ተሰወረ ገለልተኛነት ተብሎ ይጠራል። በመንደር ውስጥ ያለው ማድላት ቢያንስ በግልጽ የሚታይ ነው፤ የማን ወገን እንደ ሆንህ ሁሉ ያውቃል፤ ቃልህንም በዚያው መጠን ይመዝነዋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከላይ ያነሣናቸው ሊቃውንት ሁሉ ከውጭ ወደ ውስጥ ለመግባት የደከሙ ናቸው። የእኛ መንገድ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የኢትኖሎጂ ማኅበሩ ተማሪዎች ስለ ትውልድ አገራቸው ልማድ የሚጽፉበትን መጽሔት ማሳተም ጀመሩ። እነዚያ ተማሪዎች በሠርግ ላይ እንግዳ ሆነው አልሄዱም፤ በሠርጉ ላይ ሚዜ፣ በለቅሶው ላይ አልቃሽ፣ በእርሻው ላይ አራሽ ሆነው ያደጉ ልጆች ናቸው። ኮሌጁ ያስተማራቸው ከዳር መቆምን ነው። የጻፉትም በእንግሊዝኛ ነበር፤ ስለ እናቱ ቤት የጻፈው ልጅ ጽሑፉን ለእናቱ ሊያነብላት አይችልም ነበር። ይህን ስንል እነዚያን ታላላቆቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። ያን ጊዜ ባይጽፉት ኖሮ ብዙ ነገር ሳይመዘገብ ይጠፋ ነበር። ልንል የምንፈልገው፣ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ መታዘብ የተማረው ሙያ ሲሆን መካፈል ግን የወጣበት ቤት መሆኑን ነው። ስለዚህ ከፈረንጅ መጽሐፍ «እንዴት ተካፋይ ልሁን» የሚለውን ጥያቄ እንዳለ ገልብጠን ስንወስድ፣ ያልጠፋንበትን መንገድ እንደ መፈለግ ይሆንብናል። የእኛ ጥያቄ፣ ተካፋይ ሆነን ከተወለድንበት ነገር በትምህርት ምክንያት ስንወጣ ዕዳችንን ለማን ትተን ወጣን የሚል መሆን ነበረበት።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ መንግሥት ራሱ ሁለት ጊዜ ሞክሯል። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹ በመምህርነት አገለገሉ። ከዚህ በኋላ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አወጣ። በዘመቻው መካከል የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ስለ ታወጀ፣ ለማስተማር የሄደው ወጣት የገበሬ ማኅበር አደራጅ ሆነ። የሁለቱ ልዩነት ሰፊ ነው። የአገልግሎቱ መምህር ሥልጣኑ ትንሽ፣ ሥራው ግን በየቀኑ የሚታይ ነበር፤ ልጁ ማንበብ ከቻለ አባቱ ያውቃል፣ ካልቻለም ያውቃል። ዘማቹ ደግሞ ታሪክ በእጁ የገባ መስሎት ነበር፤ መንደሩ ግን አልጠራውም፣ ሊያሰናብተውም አይችልም ነበር። ከላይ የላከው መንግሥትና ከታች የነበረው ገበሬ ሲጋጩ በመካከል ቀረ፤ ብዙዎችም ጊዜው ሳይፈጸም ሠፈራቸውን ጥለው ወጡ። ስለ ዘመቻው ድፍረትና ስለ ዘማቾቹ መከራ ብዙ ሊነገር ይገባል፤ ቦታው ግን ይህ አይደለም። በመለኪያችን ሲታይ፣ ከሁለቱ ወደ መካፈል የቀረበው ያ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመው፣ ዝና ያላተረፈው የአንድ ዓመት መምህር ይመስለናል።

ለመካፈል ምሳሌ ፍለጋ ግን ወደ ደሴት መሄድም ሆነ ዘመቻ መጠበቅ አያስፈልገንም። በምንኖርበት ሠፈር እድር አለ። እድር የሚጠናበት ጊዜ ሁሉ የወር መዋጮው፣ የአባላቱ ቁጥር፣ የደንቡ አንቀጾች ይዘረዘራሉ፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ተማሪው በደብተሩ የማያሰፍረው ነገር እድሩን እድር የሚያደርገው ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል። ያን ጊዜ አባሉ ሥራ አለብኝ ብሎ ሊቀመጥ አይችልም። ድንኳን ይተክላል፣ አግዳሚ ወንበር ይሸከማል፣ ወደ ቀብር ይሄዳል፣ ከሐዘንተኛው ጋራም ይቀመጣል። ሲቀር ይቀጣል፤ ቅጣቱን አልከፍልም ካለም ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ሰው ደግሞ የራሱ ቀን ሲደርስ በድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጥለት እንዳያጣ ይፈራል። ደንቡ ይህን ሁሉ በጥቂት መስመር ይናገረዋል። ወንበሩን በሌሊት ዝናብ የተሸከመ ሰው ግን የሚያውቀው ሌላ ነገር አለ፤ ከሟቹ ጋራ ተጣልቶ የነበረው ጎረቤት ድንኳኑን ሲተክል ካስማውን ከሁሉ አጥብቆ ሲመታ አይቷል። ያን ጎረቤት ታርቋል ወይስ ቅጣት ፈርቶ ነው የመጣው ብሎ የሚጠይቅ መጠይቅ ሊዘጋጅ አይችልም። ምናልባት እርሱም አያውቀው ይሆናል። እድሩ ግን አይጠይቀውም፤ መጥቷል፣ በቃ። ዛሬ ደግሞ በደብተሩ ፈንታ ስልክ አውጥቶ ለቅሶውን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ወጣት በየድንኳኑ እናያለን፤ ካስማ ያዝ ሲባል እጁ አይለቀቅም።

የገጠሩም ወንፈል እንዲሁ ነው። ዛሬ በእኔ ማሳ ላይ የዋልህበት ቀን ነገ በአንተ ማሳ ላይ የምውልበት ዕዳ ነው። አንድ ተማሪ በወንፈል ላይ ሄዶ አንድ ቀን ሲያጭድ ቢውል ተካፈልሁ ሊል አይችልም፤ ማሳ ስለሌለው የሠራው ቀን ሊመለስለት አይችልምና። ለባለ ማሳው ስጦታ ሰጠ እንጂ ወንፈል አልገባም። ገበሬው ይህን ልዩነት አይስተውም፤ አመስግኖ ይመርቀዋል፣ ከቆጠራው ግን አያስገባውም። ይህን ትንሽ ልዩነት ለይቶ የጻፈ ተማሪ ቢኖር፣ ስለ ወንፈል ሠላሳ ገጽ ከጻፈው ይልቅ የበለጠ አስተማረን እንላለን።

በእድር ውስጥ ለእኛ የሙያ አርአያ የሚሆን አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ጸሐፊው ነው። እንደ እኛ መዝገብ ይይዛል። ማን እንደ ከፈለ፣ ማን እንደ ቀረ፣ ማን ዘግይቶ እንደ መጣ ይመዘግባል። ይሁን እንጂ የመዘገበውን በጉባኤ ፊት ያነብባል፤ ተሳስቶ ከጻፈም ስሙ የተነሣው ሰው ተነሥቶ ይከራከረዋል። እርሱ ራሱ ቢቀር ደግሞ እንደ ማንም አባል ይቀጣል። መመልከትና መካፈል በአንድ ሰው ሊገናኙ አይችሉም የሚሉት ሊቃውንት ይህን ሰው ቢያውቁት ኖሮ ብዙ ክርክር በቀረ ነበር። የእኛ ደብተር ከእርሱ መዝገብ የሚለየው በጽሑፍ ጥራት አይደለም፤ ስማቸው የተጻፈው ሰዎች ተነሥተው ሊከራከሩበት ባለመቻላቸው ነው።

ስለዚህ በዚህ መጽሔት ለሚወጡ የመስክ ጥናቶች አዘጋጆቹ ሁለት ነገር እንዲጠይቁ ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ «እየተካፈልን ተመልክተናል» በሚለው ዓረፍተ ነገር ፈንታ ተማሪው ምን እንደ ተጠየቀ፣ ከተጠየቀው የቱን እንዳደረገና የቱን እንዳላደረገ፣ ከሠፈሩም ማን ሊያሰናብተው ይችል እንደ ነበረ በአንድ አንቀጽ ይጻፍ። ያልተካፈለም ከሆነ አልተካፈልሁም ብሎ ይጻፍ፤ ከሩቅ አይቶ በታማኝነት መጻፍ ነውር የለበትም። ሁለተኛ፣ ጽሑፉ ለመምህሩ ከመቅረቡ በፊት በተጠኑት ሰዎች ቋንቋ በጉባኤያቸው ፊት ይነበብ። ሰዎቹ ይህ ይቅር የሚሉት ነገር ይኖራል። ያን ጊዜ ምን እናድርግ የሚለው ከባድ ነው፤ ሁሉንም ብንቀበል ጥናቱ የአገሩ ሹማምንት የወደዱት ብቻ ይሆናል፤ ሁሉንም እንቢ ብንል ደግሞ ንባቡ ከንቱ ልማድ ይሆናል። እኛ ለጊዜው የምንስማማበት፣ የተቃወሙት ሰዎች ቃል ከእኛ ቃል አጠገብ አብሮ እንዲታተም ነው። ለዚህም የሚሆን ቦታ በመጽሔቱ እንዲገኝ፣ የጽሑፉም አንድ ቅጅ ለሠፈሩ ጸሐፊ እንዲሰጥ በሚመጣው የአዘጋጆች ስብሰባ ላይ ጉዳዩን እናቀርባለን።